የሰፋሁት ኮከብ

በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ሞጣ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ ኮከብ እስላለሁ። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳላነሳ አምስቱን መስመሮች ስቤ በጀመርኩበት ነጥብ ላይ እጨርሳለሁ። ተማሪዎቹ ይህችን ነገር ይወዷታል። ከዚያ በቃሌ የያዝኩትን እደረድራለሁ፤ ሰማያዊው ክብ ሰላም ነው፤ ቀጥታና እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦችና የሃይማኖቶች እኩልነት ናቸው፤ መስመሮቹ ተጋጥመው የሠሩት ኮከብ በመፈቃቀድ የተመሠረተ አንድነት ነው፤ ቢጫው ጨረር ብሩህ ተስፋ ነው። ፈተና ላይ ይመጣል ስላቸው ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ። ስለዚያ ኮከብ የማውቀው ሌላ ነገርም አለ፤ እሱ ግን ፈተና ላይ አይመጣም።

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው። አግብቼ ነበር፤ አልሆነም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። አኩርፌ ወር ሙሉ ዝም ብል የማይከብደኝ ሰው ነኝ፤ ይህን ከአባቴ ወርሻለሁ። ቤቴ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ አለ። ሁለተኛው ለእንግዳ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቢሰበር ብዬ ነው።

አባቴ ቢቸና ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው፣ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩ ሰው ናቸው። እናቴ እኔን ከወለደች በኋላ ሳምንት አልቆየችም። አባቴ ሌላ አላገቡም። የእናቴ ፎቶ የለም፤ ቀሚሷ የለም፤ ነጠላዋም የለም። ልጅ ሆኜ ስለ እሷ ስጠይቃቸው «ደግ ሰው ነበረች» ይሉኝና ወዲያው ሥራ ያዙኛል። ሁለተኛ እንዳልጠይቅ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቤታችን ውስጥ የከበረ ነገር ቢኖር አንድ ባንዲራ ነበር። ወፍራም ጥጥ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ መሐሉ ላይ ምንም የለበትም። በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። በዓመት አንዴ፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ አባቴ አጥሩ ላይ ይሰቅሉታል። በዓሉ ሲያልፍ አጥፈው ይመልሱታል። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ባንዲራ ከየት መጣ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ እኔም እዚያው ቢቸና፣ አባቴ ከሚያስተምሩበት ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ሆንኩ። ባንዲራው ላይ ኮከብ መደረግ የጀመረው በቅርቡ ነበር። ግንቦት ላይ ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። በማግሥቱ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ የትምህርት ቤቱ ባንዲራ ግን ተቀዳዷል፤ ኮከብም የለውም። «የሥነ ዜጋ መምህር አይደለህ? መላ ፈልግ» አለኝ። አባቴ ለቅሶ ሊደርሱ ጉንደ ወይን ሄደዋል። የሳጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። መላው ይኸው ሆነ።

ባንዲራውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መሐሉ ላይ የቆየ እድፍ የመሰለ፣ ጠቆር ያለ ነገር አለበት፤ በእጅ ሲዳስሱት ሻከር ይላል። ብል በልቶት ይሆናል አልኩ። እንዲያውም ኮከቡ ይሸፍነዋል ብዬ ደስ አለኝ። ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ በሳህን ለክቼ ቆረጥኩና መሐሉ ላይ ሰፋሁት፤ በላዩ ላይ በቢጫ ክር፣ ሁለቱንም ጨርቅ አንድ ላይ እየወጋሁ፣ ኮከቡን አወጣሁ። ልብስ ሰፊ አይደለሁም። አንዱ ጫፍ ከሌሎቹ ረዘመ፤ እኩልነትን የሚያመለክቱት መስመሮች እኩል አልሆኑም። ከተሰቀለ በኋላ ግን ከታች ሆኖ ማን ይለካል? እንግዶቹ ቀና ብለው አዩ፤ ምሳ በሉ፤ ሄዱ።

ለአንድ ቀን ነበር ያሰብኩት። ርእሰ መምህሩ ሌላ እስኪገዛ ይቆይ አለ፤ እኔም እሺ አልኩ። በዚህ ሁኔታ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው፣ በጋውን ፀሐይ ሲያቃጥለው እስከ ታኅሣሥ ቆየ። አውርጄ ሳጥኑ ውስጥ ስመልሰው ቀለሙ ለቋል። እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ከተራ ደረሰ።

አባቴ ሳጥኑን የከፈቱት ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ እልልታው ከሩቅ መሰማት ሲጀምር ነው። ባንዲራውን ዘረጉት። ፈዟል፤ ጫፉ ተተልትሏል፤ መሐሉ ላይ የእኔ ጠማማ ኮከብ ተቀምጧል። ቆመው አዩት። አልተቆጡም። አጠፉት፤ ቤት ገብተው ቆለፉበት፤ ተመልሰው አጠገቤ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንቱ ነዎት የሰፉት?» አሉኝ።

አባት ልጁን አንቱ ሲል! በዱላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆንኩ። «ምሳ ይብሉ»፣ «ደህና ይደሩ»። እኔም ደሜ ፈላ። ነገሩ የፖለቲካ መሰለኝ፤ ኮከቡን የጠሉት መሰለኝ። «አባባ፣ ኮከቡ እኩልነት ነው፤ ምን ክፋት አለው?» እያልኩ ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ሁሉ አወረድኩባቸው። «እውነትዎን ነው» ይሉኛል። እውነትዎን ነው ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? ካልወደዱት ራሳቸው ለምን አይፈቱትም? አንድ ምላጭና ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን አልፈቱትም፤ ፍታውም አላሉኝም። ባንዲራውም ዳግመኛ አልተሰቀለም። በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ።

ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በዓል ሲመጣ እሄድ ነበር። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ይሉኛል፤ «ደህና ነበር» እላለሁ። ቁጣዬ መቼ እንዳለቀ እንኳ አላስታውስም፤ የቀረው ልማዱ ብቻ ነው። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባኝ ሞጣ፣ የኪራይ ክፍሌ ውስጥ አይደለም። አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ከአንድ መሶብ ስንበላ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ መንገዱ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በተከፈተበት ሳምንት፣ የአባቴ ጎረቤት የሆነች ሴት ደወለችልኝ። «አባትህ ደክመዋል፤ እህል አይቀምሱም» አለችኝ። «የሰፉት ሰው ይምጡና ይፍቱት በይልኝ ብለውኛል። ምኑን እንደሆነ እኔ አልገባኝም።»

«እኔ ገብቶኛል» አልኳት።

ሞጣና ቢቸና ያን ያህል ሩቅ አይደሉም፤ ያን ዕለት ግን ሚኒባሱ በየኬላው እየቆመ፣ እኛም እየወረድን ስንፈተሽ ቀኑ ተጋመሰ። ኪሴ ውስጥ በወረቀት የጠቀለልኩት ምላጭ ነበር። አንዱ ፈታሽ አውጥቶ አየውና «ይሄ ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለጢም» አልኩት። ከባንዲራ ላይ ኮከብ ልፈታ ነው ብል በዚህ ዘመን ማን ተናግሮ ማን ያስረዳልኛል?

አባቴ ጋቢ ለብሰው መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። «መጡ?» አሉኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ባንዲራውን አወጣሁና በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጬ የገዛ ስፌቴን መበጠስ ጀመርኩ። ጠብቋል። ስፌት የማያውቅ ሰው ሲሰፋ ያበዛዋል። አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው የክሩን መበጠስ ያዳምጣሉ።

ሰማያዊው ክብ ሲላቀቅ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ አልነካውም። ዙሪያው ሁሉ ገርጥቶ፣ በሳህኑ ልክ ብቻ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩ ቀይ እንደሆነ ቆይቷል። እዚያ ውስጥ ደግሞ ያ እድፍ ያልኩት ነገር አለ። ወደ በሩ ከፍ አደረግሁት። እድፍ አይደለም። ተደጋግሞ የተወጋ የመርፌ ቀዳዳ ነው፤ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል። አራት እግር አየሁ። ጋማ አየሁ። ከትከሻው በላይ የቆመ በትር፣ ጫፉ ላይ መስቀል አየሁ። የእኔ ኮከብ መስመሮች ደረቱንና አንገቱን ወግተው አልፈዋል።

«አባባ፣ ከሥሩ አንበሳ አለ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የእናትዎ ነው።»

እጄ ላይ ያለውን ምላጭ አስቀመጥኩ። ከእናቴ የቀረ ነገር አለ ብሎ የነገረኝ ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነበረም።

«በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ። «ትልቅ ሰው ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ባንዲራው አለ፤ አንበሳ የለውም። እሷ ጥልፍ ታውቃለች፤ እኔ እጠልፈዋለሁ አለች። ነፍሰ ጡር ነበረች። አርባ ቀን ጠለፈችው። እሷን ከቀበርን በኋላ፣ ዓመት አለፍ ሲል፣ መንግሥት ተለወጠ። መጀመሪያ ዘውዱ ይውረድ ተባለ። አንበሳው ይተርፍልኛል ብዬ ዘውዱን ብቻ ፈታሁ። ቆይቶ አንበሳውም ይውጣ፣ ጨርቁ ይቃጠል አሉን። ማቃጠሉን አልቻልኩም። ደብቄ ቤት አመጣሁትና ፈታሁት። እሷ አርባ ቀን የጠለፈችውን እኔ በሦስት ቀን ፈታሁት።»

«ታዲያ የእኔን ኮከብ ለምን አልፈቱትም?»

«ያን ጨርቅ ሁለተኛ በምላጭ አልነካም ብዬ ምያለሁ።»

«ያኔውኑ ቢነግሩኝስ?»

ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። «ብነግርህ» አሉ፣ «እናቴ የጠለፈችው የታለ ልትለኝ ነው። ምን እልሃለሁ? አንቱ ያልኩህ ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣውስ ቶሎ ነው ያለፈልኝ። በኋላ ግን ልጄ ካልኩህ ሁሉን መናገሬ ነው ብዬ ፈራሁ።»

እኔ ኮርቼ፣ እሳቸው ፈርተው፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ማልቀስ አልፈለግሁም፤ አለቀስኩ።

«አምጣው» አሉኝ። ባንዲራውን ደረታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሌባ ጣታቸው ሳትፈልግ ጋማውን አገኘችው። ከጋማው ተነስታ በጀርባው ላይ ሄደች፤ ዳሌው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጅራቱስ?» አልኳቸው።

«አልደረሰችበትም። ጅራቱ ብቻ ሲቀራት ምጥ ያዛት። አንተ መጣህ።» ትንሽ ሳቁ። «ጅራት የሌለው አንበሳ ሰቀልን። ከታች ሆኖ ማን ያያል?»

አባቴ በወሩ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት «ሬሳዬ ላይ እንዳታለብሰው፤ ያንተ ነው» ብለውኝ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ያ ባንዲራ የታለ ሲል ሰማሁ። ይህን የመሰለ መምህር ያለ ባንዲራ ይቀበራል ብለው ያሙኝም ነበሩ።

ዘንድሮም ሰሌዳው ላይ ኮከቡን ሳልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ከኮከቡ በፊት ምን ነበር?» አለችኝ። አንበሳ እንደነበር ነገርኳት። የይሁዳ ነገድ አንበሳ ነው፤ ነገሥታቱ ዘራቸውን ከሰሎሞን ስለሚቆጥሩ ነው አልኳት። ኮከቡንም ቢሆን የሰሎሞን ማኅተም ነው፣ በክታብ ላይ የምናውቀው ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ጨመርኩላት። ጻፈች። ማን ጠለፈው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ባንዲራው አሁን ሞጣ፣ እኔ ዘንድ ነው። ጠማማው ኮከቤም አብሮት ታጥፎ ተቀምጧል፤ እሱንም መጣል አልሆነልኝም። ፀሐይ እንዳያገኘው መስኮቱን ዘግቼ ነው የማወጣው። እናቴን በሐሳቤ አንቺ እላታለሁ፤ ዛሬ ብትመጣ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳንድ ቀን ጉልበቴ ላይ እዘረጋውና ጣቴን ጋማው ላይ አስቀምጣለሁ። በጀርባው ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ዳሌው ላይ ስደርስ ቀዳዳው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጨርቅ መርፌ አልነካውም።