ክንዱ ያዘገየው የሙሽራ ዓይን

ንፋስ መውጫ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለችው ክፍል ግማሹ የኔ ልብስ ስፌት ነው፣ ግማሹ የክንዱ ቪዲዮ ቤት። መሐላችን መጋረጃ ብቻ ነው። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝ። ግን ስለ ክንዱ የሚወራው ሌላ ስለሆነ ያየሁትን ልሞክር።

ክንዱ ሠርግ ይቀርጻል፤ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። እጁ ጥሩ ነው። ታዲያ ማዘግየት ይወዳል። የሚያምር ነገር ካየ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርገዋል። የበቅሎው አረማመድ፣ የሚረጨው አበባ፣ የእስክስታው ትከሻ፣ ሁሉም ውኃ ውስጥ እንዳለ ቀስ ይላል።

"አንተ፣ ይኸ ሠርግ እስከ ፍልሰታ ያልቃል?" እለዋለሁ።

"እትዬ፣ ቆንጆ ነገር ቶሎ ሲያልፍ አያሳዝንም?" ይለኛል።

ሲዘገይ ግን ድምፁ ይወፍራል፤ ሰው ሲናገር በሬ የሚያገሳ ይመስላል። ስለዚህ ድምፁን ያጠፋና ዘፈን ይጭንበታል።

ባለፈው ጥር የጽጌን ሠርግ ቀረጸ። ጽጌ የታች ጋይንት ልጅ ናት፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ። ያገባት እንዳልካቸው የኛው ከተማ እህል ነጋዴ ነው። ቬሎዋን ያጠበብሁላት እኔ ነኝ። ዝምተኛ ናት፤ ከተናገረች ግን አንዴ ነው የምትናገር።

ከመልሱ በኋላ ቤተ ዘመዱ ቪዲዮውን ሊያይ በእንዳልካቸው እናት በወይዘሮ ካሰች ቤት ተሰበሰበ። እኔም ተጠርቼ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ቪዲዮው ላይ ጽጌ እንደ ደንቡ አንገቷን ደፍታ ቆይታ ቀና አለች፤ አንደኛው ሚዜ ወደቆመበት አየች። ያች ቀና ማለት አላልቅ አለች። ሽፋሽፍቷ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ዓይኗ ቀስ ብሎ ሄደ፣ እዚያው ቆየ፣ ከንፈሯም ፈገግ ሊል ጀመረ። ከላዩ የፍቅር ዘፈን።

"ሙሽራ እንዲህ ታፈጣለች?" አሉ ወይዘሮ ካሰች።

"ኧረ ሚዜውን ጠግባ አየችው!" አለች አንዷ፣ ለሳቅ ብላ። ማንም አልሳቀ። እንዳልካቸው ተነሥቶ ወጣ።

"ቪዲዮ አንሺው ጠርቶኝ ነው" አለች ጽጌ። ማን ይስማት? ቪዲዮው ውስጥ የጠራ ሰው የለም። ነገሩ ሲጋጋል ሰነበተና ልብሷን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ክንዱ ይኸን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ 'ሙሽሪት፣ ወደዚህ!' ብዬ የጠራኋት። ከሚዜው ኋላ ቆሜ ነበር። ድምፄን አጥፍቼው ነው።"

"ያልተነካው ቅጂ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? ተነሣ!"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጽጌም ከአባቷ ጋር መጣች። ክንዱ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የዘገየውን አሳየ፤ ቀጥሎ መጀመሪያ እንደተቀረጸ ያለውን ከፈተ። "ሙሽሪት፣ ወደዚህ!" ይላል የራሱ ድምፅ። ጽጌ ቀና አለች፣ ወዲያው ደፋች። ዓይን ርግብ እስኪል ነው።

"ይኸው ነው?" አሉ የነፍስ አባታቸው አባ ወርቅነህ። "ድገመው እስቲ።"

ደገመው።

"ይኸን ያህል ለምን ጎተትኸው ልጄ?"

"አምሮኝ ነው አባ።"

"አምሮህ!" አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ እኔ ያየሁትን ነው ያልሁት።"

እንዳልካቸው ግን ብድግ ብሎ ከጽጌ አባት ጉልበት ላይ ወደቀ። "አጥፍቻለሁ፤ ትመለስልኝ።"

ሁሉም ወደ ጽጌ ዞረ። ያን ቀን አንገቷን አልደፋችም።

"እኔ ስናገር አላመንኸኝም። ይኸ ዕቃ ሲናገር አመንኸኝ። ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ ምን ዕቃ አመጣልሃለሁ?"

አባ ወርቅነህ መስቀላቸውን አውጥተው ለመኗት። መስቀሉን ተሳለመች፣ "ይፍቱኝ አባ" አለች፣ ከአባቷ ጋር ሄደች።

ክንዱ አሁንም ሠርግ ይቀርጻል። "ቀስ የሚለውን አድርግልን" ሲሉት "እንዳለ ይሻላል" ይላል፤ አንዳንዱ ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል። የጽጌን ግን አላጠፋውም። እየሰፋሁ ሳለሁ ከመጋረጃው ማዶ እሰማዋለሁ፤ "ሙሽሪት፣ ወደዚህ!" ትንሽ ይቆይና ደግሞ "ሙሽሪት፣ ወደዚህ!"

"እትዬ" አለኝ አንድ ቀን፣ "ቢወፍርም ድምፁን ብተወው ኖሮ?"

"እንጃ ክንዱ" አልሁት። የስፌት መኪናዬን ረገጥሁ።