ፊቱ ወደ ግድግዳ የተለጠፈው የተፈላጊ ማስታወቂያ

እናታችሁ በሰው ፊት «የሌባ ልጅ» ስትባል ሰምታችሁ፣ የምትመልሱት አጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅነቴን ሙሉ አጥቻለሁ።

ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የሚወራው እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን የደብሩ በቅሎ ተሰረቀች። በዚያው ሳምንት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ነበር፤ እዚያው በወባ ሞተ። ፖሊስ የተፈላጊ ማስታወቂያ አምጥቶ ገበያው መሀል ካለው ዛፍ ላይ ለጠፈ። ያን ቀን ከገበያተኛው ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። «ረጅም፣ ጠይም፣ ወደ ቆላ የወረደ ይላል» ብሎ አነበበላቸው። ከዚያ ዝናብ እንዳያበላሸው ብሎ ነቅሎ ወሰደው። አያቴ በዚያው ሌባ ሆኖ ቀረ።

የዚያ አንባቢ ልጅ ዛሬ የጽዋ ማኅበራችን አለቃ ናቸው። እናቴን በየወሩ በር ሥር ያስቀምጧታል። «ጽዋውን ከበሩ አርቁት፣ እጃቸው የለመደ ነው!» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል።

ደብረ ታቦር በመምህርነት ስቀጠር የድሮ የፖሊስ ማስታወቂያ መሰብሰብ ጀመርኩ። የምፈልገው ያንን አንድ ወረቀት እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። አሰባሰቡን ላስረዳ። ዱሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ በጋዜጣም በማስታወቂያም፣ በተገኘው ወረቀት ሁሉ ይለጠፍ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ቀድሜ እደርሳለሁ። ወረቀቱን በጨርቅ ለብ ያለ ውሃ አስነካዋለሁ፤ የዱቄቱ ማጣበቂያ እስኪለቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ከጥግ ጀምሬ እልጣለሁ። የጎተተ ይቀድደዋል።

አምና አለቃው የአባታቸውን ቤት ሊያፈርሱ ሲሉ ሄድኩ።

«አባባ፣ የግድግዳውን ወረቀት ልውሰደው?»

«መምህር ሆነህ ቆሻሻ ትለቅማለህ? ውሰድ። ቆርቆሮዬን ግን እንዳትነካ፣ ዘርህን አውቀዋለሁ!»

ከአራት ድርብ ጋዜጣ ሥር አንድ ወረቀት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተለጥፏል። ልጬ ገለበጥኩት፤ ያ ማስታወቂያ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማቃጠል ያሳስራል ተብሎ ይፈራ ነበር። አንባቢው ሊያቃጥለው አልደፈረም፤ ደበቀው።

የሚቀጥለው ማኅበር በአለቃው አዲስ ቤት ነበር። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ደስ እያለኝ ጠበቅሁ። ጸሎቱ እንዳለቀ ተነሥቼ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ቀስ ብዬ አነበብኩ፦ «የደብሩን በቅሎ ሲሸጥ የታየ፣ ስሙ ያልታወቀ። ቀይ፣ አጭር፣ ፊቱ ፈንጣጣ ያለበት፣ የግራ እጁ ትንሽ ጣት የሌለው። ያየ ሁሉ ለፖሊስ ያስታውቅ።»

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ባልቴት ቀና አሉ። «ጣቱንማ ማጭድ ነው የቆረጠው! ያሰርኩለት እኔ ነኝ። የእኒህ የአለቃው አባት አይደለም እንዴ?»

«ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ!» አሉ አለቃው። «የሞተ ሰው አይነካም።»

«የእኔ አያትስ ሌባ ሲባል መቼ በሕይወት ነበረ፣ አባባ?»

ምናልባት የአባታቸውን ሥራ አያውቁም ነበር። አላዘንኩላቸውም፤ ዛሬም አላዝንላቸውም።

እናቴ «ድገመው» አለች። «ከላይ ጀምረህ።»

ደገምኩት። «የጣቱን ብቻ» አለች፤ እሱንም ደገምኩላት።

እናንተም ሞክሩት። የቤተሰባችሁን ስም ያጠፋ ወረቀት አለ ከተባላችሁ፣ ሌላ ሰው ባነበበላችሁ አትመኑ። ወረቀቱን ፈልጉት። ስታገኙትም ለብቻችሁ አታንብቡት፤ የሳቁባችሁ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ቆማችሁ፣ ቃል በቃል አንብቡት።