ጓድ ኮረንቲ

ጅማ ስገባ የያዝኩት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ሻንጣዬን ማንም ልብ አላለውም። ሳጥኑ ግን ስም አወጣልኝ።

ሳጥኑ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለሆስፒታሉ አድርስ ተብዬ ተሸክሜው መጣሁ። ከላዩ አንድ ማዞሪያና መርፌዋ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ባለመስተዋት መለኪያ አለው። ከጎኑ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በሽቦዎቹ ጫፍ በጨው ውሃ የሚነከሩ የስፖንጅ ቁራጮች ታስረዋል። ስፖንጆቹን በሰለለ ክንድ ወይም በተጣመመ ፊት ላይ አሳርፈህ ማዞሪያውን ቀስ ብለህ ስታዞር፣ አልታዘዝም ብሎ የተኛው ጡንቻ ብድግ ይላል። የተማርኩት ሙያ ይኸው ነበር። ገና ልጅ እግር ነኝ፣ በአገሩ ዘመድ የለኝም፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም።

ክፍል ያከራዩኝ ሄርማታ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሰፈሩ ትንሽ መስጊድም አዛን የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጣም ተግባባን። ከሥራ ስመለስ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቁመው፣ የሸዋ ብርድ እንዴት እንደሆነ፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሁ ይጠይቁኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እለፈልፋለሁ።

ነገር የተበላሸው በመጣሁ በሳምንቱ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። አዲስ ነዋሪ ተነስቶ ራሱን ያስተዋውቅ ተባለ። ተነሳሁ። ሙያዬ ያኮራኝ ነበርና ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «ሥራዬ ሰው ላይ ኮረንቲ መልቀቅ ነው» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ሊቀመንበሩ ብቻ አጨበጨበ።

በዚያን ጊዜ ሰው ይታሰር ነበር። የታሰረ ሰው ይመረመራል። ምርመራ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም፤ በሹክሹክታ ግን ግርፋት ይባላል፣ ኮረንቲ ይባላል። እኔ ሞኙ ትምህርቴን ብቻ አስቤ ተናገርኩ። የሰዉን ዓይን ሳይ ነገሩ ገባኝና፣ «ለሕክምና እኮ ነው!» ብዬ ጨመርኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ «ሕክምና ነው የሚሉት ለካ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ላስተካክለው? ቁጭ አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ስሜ «ጓድ ኮረንቲ» ሆነ።

ጅማ ሻይ ቤት ስትገባ፣ የሚያውቅህም የማያውቅህም ከወንበሩ ፈቀቅ ብሎ «ኮቱ፣ ታኢ» ይልሃል። ና፣ ቁጭ በል ማለት ነው። ትርጉሙን ሳልጠይቅ የተማርኩት የመጀመሪያ ኦሮምኛ ነው፤ ለሌላው ሲባል ስሰማ ነዋ የተማርኩት። እኔ ስገባ ግን ሰዎቹ ፈቀቅ አይሉም፤ ይነሳሉ። በጨዋ ደንብ እጅ ነስተው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። አንድ ሙሉ አግዳሚ ወንበር ለብቻዬ ይቀርልኛል። አክብሮት ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከዚያ በኋላ ሻዬን ቤቴ አፍልቼ መጠጣት ጀመርኩ።

ልብስ ሰፊውም ራቁኝ። ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ሰላምታ መንፈግ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ከሰላምታው በኋላ ይመጣ የነበረው ጨዋታ ግን ቀረ። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ቤተሰቡ ሲስቅ ይሰማኛል። በምን እንደሚስቁ አይገባኝም፣ ቋንቋው ሌላ ነው። የገባኝ ያህል ፈገግ የምልበት ጊዜ ግን ነበረ።

ሆስፒታልም ያው ነው። ሐኪሙ በሽተኛ ይልክልኛል፤ በሽተኛው ኮሪደሩ ድረስ መጥቶ፣ በበሩ ቀዳዳ ሽቦዎቹን አይቶ፣ በጓሮ ይወጣል። ሥራ ስላልነበረኝ ሳጥኑን እወለውላለሁ፤ መወልወሉ ሲሰለቸኝ የትምህርት ቤት መጽሐፎቼን አነባለሁ። ኮረንቲ ሰው ማከም የጀመረው የመብራት እንጨት ከመተከሉ ብዙ ዘመን በፊት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሲነኩት የሚያደነዝዝ ዓሣ ነበራቸው፤ እሱን በሕይወቱ እያለ የሚያመው ራስ ላይ፣ ሪህ የያዘው እግር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ኋላ የፈረንጅ ሊቃውንት ብልጭታውን በጠርሙስ ማጠራቀም ቻሉና ሽባ ሁሉ ተሰልፎ ጠርሙስ ነካ። አንዱ ሊቅ የሞተ እንቁራሪት እግር በኮረንቲ ሲፈራገጥ አየና ዓለም ጉድ አለ። ቀጥሎ አጭበርባሪው ገባበት፤ ለድካሙም፣ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለስንፈቱም የኮረንቲ ቀበቶ ተቸበቸበ። ይህን ሁሉ እያነበብኩ እስቅ ነበር፤ ስቄ ቀና ስል የምነግረው ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ሳጥኑን ይዘህ አጋሮ ውረድ፣ እጅ እግራቸው የሰለለ ሕፃናት አሉ ተባልኩ። የቡና መልቀሚያ ወቅት ነው፤ ከተማው በጭነት መኪናና በጆንያ ተጨናንቋል። በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ ስፖንጆቼን ነክሬ እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ዝናዬ በአውቶቡስ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ሕፃን ይዞ የመጣ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ገቡ። «ይቀመጡ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው። አልተቀመጡም። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና፣ «ልጄን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«የትኛውን ልጅ እናቴ?»

«ረጅም ነው። ሲወስዱት ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር። አንተ ዘንድ አልመጣም?»

የሆስፒታል ሠራተኛ መሆኔን፣ እስር ቤት ገብቼ እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ማልኩላቸው። እሺ፣ እሺ እያሉ ሰሙኝ፤ እንዳላመኑኝ ግን ፊታቸው ላይ ይታያል። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ በሶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ስታገኘው ስጥልኝ። ቀስ ብለህ ያዘው፣ ገና ልጅ ነው» ብለውኝ ወጡ። ተከትዬ ወደ ደጅ ስሮጥ ገበያው ውጧቸዋል። ያን ቀን እየተመለስኩ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። በሶውን መብላትም መጣልም አቃተኝና አልጋዬ ሥር ኖረ።

ክረምቱ ሲገባ የአከራዬ አዛን ተቋረጠ። በምትኩ የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማ ጀመር። የልብስ ሰፊው ፊት ተጣሞ ነበር። የግራ ዓይናቸው አልከደን አለ፣ አፋቸው ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ከስግደት በፊት ለውዱእ ሲታጠቡና ሲጉመጠመጡ ውሃው በአገጫቸው ይወርዳል። «ም» እና «ብ» ከንፈራቸው ላይ አልያዝ አላቸው፤ በዚህ አፍ እንዴት አዛን ይደረጋል? ባለቤታቸው ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧቸው። ሐኪሙ ደግሞ ወደ እኔ ላካቸው። መጀመሪያ እሳቸውም በጓሮ ወጡ። ከብዙ ቀን በኋላ ግን የሆስፒታሉ ክፍሌ ድረስ፣ በጓሮ በኩል መጡ።

«ያ ኢልመ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እውነቱን ንገረኝ። ያንን ነገር ሰው ላይ አድርገህ ታውቃለህ?»

«የቱን ነገር አባባ?»

«ታውቀዋለህ።»

«አላደረግሁም። እንኳን ላደርገው የእስር ቤቱን በርም አላየሁት።»

«ወላሂ በል።»

«በእመቤቴ!»

ትንሽ አሰቡ። «እሱም ይሁን» አሉና ተቀመጡ።

መጀመሪያ ስፖንጆቹን ራሴ ጉንጭ ላይ አድርጌ ማዞሪያውን አዞርኩ። አፌ ሳላዘው ዘሎ ወደ ጆሮዬ ሲሄድ በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። የዓሣውን ታሪክ ነገርኳቸው። «አንተም ዓሣህን ይዘህ ብትመጣ ይሻልህ ነበር» አሉ። «ዓሣ ማን ይፈራል?» ከዚያ እጄን ጉንጫቸው ላይ አሳረፍኩ። ከስብሰባው ወዲህ ሰው ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ማዞሪያውን ረስቼ እጄን እዚያው አቆየሁት። ብቸኝነቱ ምን ያህል እንደጎዳኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። እሳቸው አላወቁም፤ የሕክምናው ደንብ መስሏቸው ደኅናውን ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» አሉ፣ «ብ»ዋ እየሾለከችባቸው።

በየሁለት ቀኑ ይመጡ ነበር። እኔ ማዞሪያውን አዞራለሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። ስለ ጨርቅ ውድነት፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ስለተዳረች ልጃቸው፣ በልኩ የሰፉለትን ሱሪ ጠበበኝ ብሎ ስለተጣላቸው ነጋዴ። ቀኑን እየጠበቅሁ መኖር ጀመርኩ። ግን መምጫቸው ሁልጊዜ በጓሮ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይናቸውን ያሸሻሉ። አንድ ቀን እያፈሩ፣ «ሰው ፊት ብዙ አትጠጋኝ፣ የሰፈሩን ወሬ ታውቀዋለህ» አሉኝ። «ገባኝ አባባ» አልኩ። ገብቶኝም ነበር፤ ያማል ግን።

ዓይናቸው መክደን ጀመረ። አፋቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ አዛን ሰማሁ። የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ «አክበር» ሲሉ «ብ»ዋ ሙሉ ናት። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። በጣም ደስ አለኝ። ደስታው ግን ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?

በኋላ ዘመን የተማርኩትን እዚህ ልናገር። እንዲህ ያለው የፊት መጣመም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ሳጥኔ ምንም አልሠራም ይሆናል። ያኔ ብሰማው ኖሮ እናደድ ነበር፤ ዛሬ ብዙም አይቆጨኝም።

የዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ የቀጠሮ ቀናቸው ነበር። መብራት ጠፍቷል። ሳጥኑን ጨርቅ ሸፍኜ በመስኮት ዝናቡን አያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሐኪም የሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ የሄርማታ ሰዎች ናቸው። ወሬያቸው ድንገት ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ። ቀና ስል ልብስ ሰፊው ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ በሰዉ መሐል፣ በፊት ለፊቱ በር ይመጣሉ።

«አባባ፣ መብራት እኮ የለም» አልኳቸው። «ደግሞም ድነዋል።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አውቃለሁ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስፖንጅህን አድርግልኝ።»

«ኮረንቲ የለማ!»

«ኮረንቲ ስጠኝ መች አልኩህ? በሩን አትዝጋው። ይዩ።»

ስፖንጆቹን ነክሬ በዳነው ጉንጫቸው ላይ ያዝኩላቸው። የጨው ውሃው አንገታቸው ላይ ይወርዳል። በተከፈተው በር ሰዎቹ ያዩናል፤ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከሁሉም ቀርባ አንገቷን አስግጋለች። እሳቸው ዘወር ብለው እንኳን አላዩአቸውም፤ ስለ ሱሪው ነጋዴ ካቆሙበት ቀጠሉ። ከዚያ መሐል ላይ አቋርጠው ቀና ብለው አዩኝ። ስፖንጆቹን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጉንጫቸው ላይ ያዙና፣ ጥግ ያለችውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ሳቡልኝ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉኝ፣ ኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማው የአዛን ድምፃቸው። «ታኢ!»

ተቀመጥኩ።