የሰብለ አንገት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ በየእሑዱ ሸክማችሁን አራግፉ እያለ ለሚለምነን ፓስተራችንም አልነገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ፈሪነት መሆኑ አልጠፋኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በአንድ ቬትናማዊ ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አሳማሪ ነበርኩ። በቀጭን ብሩሽ የሰው ፊት ማረም ነበር ሥራዬ። ቬትናማውያን ልጃገረዶች ለትዳር የሚላክ ፎቶ ሲነሡ የዐይናቸው ቆብ ላይ እንደ ፈረንጅ ዐይን እጥፋት እንድጨምርላቸው ያዝዙኛል። ዓመት ሳይሞላ አንዳንዶቹ ያንኑ እጥፋት በሐኪም አሠርተው፣ ዐይናቸው እንዳበጠ ይመጣሉ። እኔ እሥቅባቸው ነበር። በገዛ ፊታቸው ስላፈሩ ሕዝቦች ለኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መጽሔት ረጅም ጽሑፍ ሁሉ ጽፌአለሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ነበርኩ፣ ምን ይሳነኛል?

ሰብለ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበረች፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ። አንገቷ ላይ አክስቷ በልጅነቷ በመርፌና በጥቀርሻ የነቀሰቻት ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ሲድኒ ላለ፣ በአካል ላላየችው እጮኛዋ የምትልከው ፎቶ ፈለገች።

"ጋሼ፣ እንደ ቬትናሞቹ እንዳያደርጉኝ!" ብላ ሣቀች።

አደረግኋት። ሳትጠይቀኝ፣ ኔጋቲቩ ላይ፣ ፎቶው በሚታተምበት ዋና ፊልም ላይ፣ የማይለቅ ቀለም ጠብ እያደረግኩ ሦስቱንም መስመር አጠፋሁ። ለምን? ሰውየው ገጠሬ ናት እንዳይላት? ለራሴ የነገርኩት እንዲያ ነበር። እውነቱን ግን ልናገር፤ ንቅሳቱ እኔን ነበር የሚያሳፍረኝ። በእናቴም አንገት ላይ ነበረ።

ፎቶውን ስሰጣት ብዙ አየችው።

"አንገቴስ፣ ጋሼ?"

"መብራቱ ነው። በጥሩ መብራት ንቅሳት አይታይም።"

"በጥሩ መብራት እንዲህ ነኝ ማለት ነው?"

ሒሳቡን ተቀብዬ ሸኘኋት።

እጮኛዋ ፎቶውን አይቶ፣ እንደ አገር ቤት ልጆች ሳትነቀሺ በመቅረትሽ ጌታን አመሰገንኩ ብሎ ጻፈላት። ለፋሲካ ሊመጣ ነው። እውነቱን መናገር አፈረችና፣ ለእናቷም ሳትነግር አንድ የውበት ክሊኒክ ቡክ አደረገች። ንቅሳቱን አቃጥለው አነሡላት። ቁስሉ ሲድን አበጠ፤ ቀጫጭኖቹ መስመሮች እንደ ገመድ ወፈሩ። ሰውየው መጣ፣ አየ፣ ሄደ።

እናቷ እትዬ ብርቄ ፎቶ ቤት ድረስ መጡ። "እባክህ ልጄ፣ የፎቶውን ዋና ፊልም ፈልግልኝ። ልጄን እንደ ነበረች አንዴ ልያት" አሉኝ። ጠፍቷል አልኳቸው። አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ግን እሱም ላይ ልጃቸው የለችም። እኔ አጥፍቻታለሁ።

ቬትናማውያኑ ቢያንስ ጠይቀውኛል። ሰብለ አልጠየቀችኝም፣ እንዳያደርጉኝ ነው ያለችኝ፤ እኔም አደረግሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ይህን የጀመርኩት። ግን ከእናንተ ምን ይቅርታ አገኛለሁ? የተነካው የእናንተ አንገት አይደለም።

ሰብለ ዛሬም፣ በሜልበርን የጥር ሙቀት፣ ሻርፕ ጠምጥማ ትዘምራለች። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጥታ ሳመችኝ። "ጋሼ፣ ያ ፎቶዎ ባይኖር ድሮ ምን እንደምመስል በምን አስታውስ ነበር?" አለችኝ። "ክሊኒክ መሄዴ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ እንዳሉት ጥሩ መብራት ብቻ ይበቃኝ ነበር።"

"ተባረኪ" አልኳት።