ትኩስ የማይሰማት እጅ

የጸጥታ ኃይሎች ወረታ መገንጠያው ላይ ከባጃጅ አውርደው ሲወስዱኝ ፖሊስ ጣቢያ የሚያስገቡኝ መስሎኝ ነበር። ያስገቡኝ ሩዝ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀን ቀን ጣሪያው ይግላል፤ የገለባው ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል።

በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ከይፋግ በኩል የመጡ አዛውንት የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሌላው ወጣት የፎገራ ገበሬ ነው። ሲይዟቸው ክንዳቸውን ወደ ኋላ ጠፍረው፣ በአንድ ገመድ አቆራኝተው፣ በጭነት መኪና ነው ያመጧቸው። የሁለቱም ቀኝ እጅ ደንዝዞ ቀረ።

ሰንበት ሲል ገበሬውን ጣቶቹን ይነዝረው ጀመር። «ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» አለን እየሳቀ። ቆይቶ መጨበጥ ቻለ። የኔታ ግን ያው ናቸው።

አንድ ረፋድ የፈላ ሻይ መጣ። እኔ ጣሳውን በጋቢዬ ጫፍ ይዤው እንኳ አቃጠለኝ። የኔታ የእሳቸውን ጣሳ ቀኝ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ስለወሰደበት ክረምት ያወጉን ነበር። ጣሳውን ሲያነሱት ቆዳቸው ተገሽልጦ አብሮት ተነሳ።

መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ትኩስ ነበር እንዴ?»

ገበሬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቁስሉን በነጠላዬ ቅዳጅ ስጠቀልልላቸው፣ «አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ገመዱ አንድ ነው። የሱ እጅ ዳነች፤ የኔን ምን ነካት?»

የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁትም ይህንኑ ነበር።

«የኔታ፣ ነርቭ ሲጎዳ ሰውነት እንዲያድግ የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር ይልክለታል። የወጣት ነርቭ ያንን ተቀብሎ ያቆጠቁጣል። ሲያረጅ ግን መቀበያዎቹ ይቀንሳሉ። ቢላክለትም እምብዛም አይነቃም።»

«ጥሪው አለ፣ ሰሚው ደከመ በለኛ።»

«አዎ።»

«ትድናለች?»

«ትዘገያለች፣ የኔታ…» ብዬ የቅዳጁን ጫፍ ቋጠርኩ።

በማግስቱ መርማሪው የተጻፈ ቃልና የአሻራ ቀለም ይዞ መጣ። እኛ ፊት አነበበው፤ የኔታ ያላደረጉትን አደረግሁ ይላል። አልፈርምም አሉ። መርማሪው በልጃቸው ዕድሜ ያለ ሰው ነው።

«ጣትህን አምጣ!» አለና ያንን የተጠቀለለ እጅ ጎተተው።

የኔታን «አንተ» ሲላቸው ጆሮዬን አላመንኩም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ሲጫነው እሳቸው የሚያዩት የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ወደ ወረቀቱ ሊወስደው ሲል ግን በግራ እጃቸው ቀኙን ያዙና ወደ ደረታቸው መለሱት።

«ይቺ እጅ እሳት ሲነካት እንኳ አታውቅም» አሉ በዝግታ። «የማታውቀውን አትመሰክርም።»

መርማሪው ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ከጊዜ በኋላ ሁላችንም ከእስር ተፈታን። የኔታ ወደ ቅኔ ጉባኤያቸው ተመለሱ፤ እጃቸው ግን አልተመለሰችም። እኔም ክፍል ገብቼ ስለ ነርቭ አስተምራለሁ። ያን ቀን የነገርኳቸው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዛሬም የማስተምረው እሱኑ ነው። ጠመኔዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ሳልናገረው የቀረ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ክንዳቸውን የጠፈረው እርጅና አልነበረም።