ሣህሉ ተኝቶ የፈረመው ቦኖ

ጋሽ ሣህሉ በሕልሙ ገንዘብ ይታየው ነበር። ታዲያ ለማን አይታየውም እንዳትሉኝ! ለእሱ የሚታየው የራሱ ገንዘብ ሳይሆን የመንግሥት ነው፤ እሱም ቢሆን ሲቆጠር ሳይሆን ሲሄድ። ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ተነስቶ፣ በደቻቱ ድልድይ ተሻግሮ፣ አቧራውን እያስነሳ ወደ ገጠር ሲሄድ፣ የደረሰበት ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ሆኖ ሲቀር ያየዋል። አንዱ ብር ጣሪያ ይሆናል፣ አንዱ የክሊኒክ አልጋ፣ አንዱ የውሃ ጠብታ። ይህን የሰማሁት ከራሱና ከባለቤቱ ከእትዬ በለጠች ነው። በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታሞች ስለነበርን የነገሩኝ አንዴ ብቻ አይደለም።

አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሣህሉ ማንበብ የለመደው ከፊደል ገበታ ሳይሆን ከባቡር የሰዓት ሰሌዳ ነው። ገና ያልመጣ ባቡር በወረቀት ላይ ቀድሞ መጥቶ ማየቱ ልጁን አስደነቀው። አባቱ ደግሞ ባቡሩ ሲዘገይ እውነተኛውን ሰዓት ከጎኑ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። አድጎ ከዚራ ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጃንጥላ በሚጋርዱበት ሰፈር፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ክፍል ሲቀጠር ሥራው እንግዳ አልሆነበትም። በጀት ማለት ገና ያልመጣ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ነው። ቁጥጥር ደግሞ ከጎኑ ያለችው የእርሳስ ጽሑፍ ናት። አቦ፣ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው የት ይገኛል?

ታሪኩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሬዲዮኑ ስለ ልማት ዘመቻ ያወራል፤ ሰዉ የፈረሰውን ያነሳል፤ ገበያው ቀስ በቀስ ነፍስ ይዘራል። በዚያ ዓመት የበጀት ሰነድ ውስጥ፣ በመልሶ ማቋቋም ሥር፣ ሣህሉ በገዛ እጁ የጻፋት መስመር ነበረች፤ «ለዋሂል፣ ሁለት ቦኖ ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ አሥራ ስምንት ሺህ ብር»። ዋሂል ከከተማው ወጣ ብላ ያለች የገጠር መንደር ናት፤ ሰዉ ይቀዳበት የነበረው የድሮው ቦኖዋ በጦርነቱ ፈርሶ፣ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። ሣህሉ ያቺን መስመር ሲጽፍ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ነበር አሉ።

ሰኔ ደግሞ ለበጀት ሰው የጭንቅ ወር ነው። ሰኔ ሠላሳ ዓመቱ ይዘጋል። እስከዚያ ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይመለሳል። መመለሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት «እናንተማ የሰጠናችሁንም አልጨረሳችሁ» ተብሎ ይቀነሳል። ስለዚህ በሰኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ያልቃል። ሲጀመር ያላየነው ሥራ ሲመረቅ እናያለን።

ሌላም አለ፤ የድሬዳዋ ሙቀት። በሰኔ ከአምስት ተኩል በኋላ ማንም ከማንም ጋር አይከራከርም። ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ የጋሪው ፈረስ በቁሙ ያንቀላፋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው አንድ ትልቅ የተኛ ሰው ነው። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተቋራጭ ነበር፤ ክፍሉ ይባላል፤ የዋሂልን ሥራ የያዘው እሱ ነው። ወረቀቱን ሁልጊዜ ይዞ የሚመጣው ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሲያወራ የሚያስተኛ ሰው ነበር።

ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ክፍሉ መጣ።

«ጓድ ሣህሉ፣ እንግዲህ ይቺን ብቻ» አለው፤ የርክክቡን ወረቀት ከፊቱ አንሸራተተ።

«አልቋል?»

«ቆሟል እኮ! ታንከሩም ቆሟል፣ ቦኖዎቹም ቆመዋል። ቀለም ሁሉ ተቀብተዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ፈርሞበታል፣ ያውልህ።»

የጣሪያው ማራገቢያ ዝም ብሎ ይዞራል። ሣህሉ ፈረመ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ሳያይ የፈረመው ያን ቀን ብቻ ነው ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ።

ቤቱ ገብቶ፣ ወለሉ ላይ ውሃ አርከፍክፎ፣ ቀዝቀዝ ያለው ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ተኛ። በሕልሙ ዋሂል ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሰልፉ እስከ ሰማዩ ጫፍ ይደርሳል፤ አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል። «ሞላ ወይ?» ይላቸዋል። «ፈርመሃል አይደል? ይሞላል» ይሉታል። ወደ ቀጣይዋ ያልፋል። «ሞላ ወይ?» «ፈርመሃል አይደል?» አንዷም አልተቆጣችም። ያስደነገጠው ይኸው ነው።

ዘሎ ተነሳ። «በለጠች! ዛሬ ተኝቼ ፈረምኩ!»

«ተኝተህ?» አለች፣ የሰሌን ማራገቢያዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ ነቅተህ ነበር?»

«ቀልዱን ተይው። ዋሂልን ነው የፈረምኩት። ሳላየው።»

«እሱማ ሄደህ እየዋ! እዚህ ለእኔ ብትነግረኝ ውሃ ላመጣልህ ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ከአለቃው ከጓድ በቀለ ዘንድ ገባ። ያኔ ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል።

«ፈርመህ የለም እንዴ? ምን ልታይ ነው የምትሄደው?» አለው በቀለ።

«የፈረምኩትን።»

«ሣህሉ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረን። ይህ ገንዘብ ከተመለሰ የከርሞውን በጀት በምን አፌ ነው የምጠይቀው?» አለው፤ የይለፍ ወረቀቱን ግን ሰጠው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰኔ ስለሆነ ነው።

ሣህሉ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኖ ዋሂል ገባ። ሁለቱም ቦኖዎች ቆመዋል፤ አንዱ ከላይ ከገበያው አጠገብ፣ አንዱ ከታች ከሰፈሩ። አረንጓዴ ቀለማቸው ፀሐይ ላይ ሲያበራ ዓይን ይይዛል። ማጠራቀሚያውም ኮረብታው ላይ ነጭ ሆኖ እንደ ትልቅ ስኳር ተቀምጧል። ለአንድ አፍታ ደስታው ሊያሰክረው ነበር። ወደ ታችኛው ቦኖ ሲጠጋ ግን አንዲት ፍየል ቧንቧው ላይ ታስራ አገኘ። የፍየሏ ባለቤት ሀሊሞ የምትባል፣ አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት።

«ዋሪያ፣ አንተ ሰው! ጠማህ እንዴ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ክፈተዋ!»

ከፈተው። ቧንቧው አቃሰተ፤ ሦስት ጉንዳኖች ወጡ።

«ቢዮ የለውም፣ ውሃ የለውም» አለች ሀሊሞ። «ግን ፍየሌ ጠፍታብኝ አታውቅም። መንግሥትን አላህ ይስጠው።»

ሣህሉ ከቦኖው ሥር የወጣችውን ቧንቧ ተከተላት። አንድ ክንድ ከሄደች በኋላ አለቀች። ከማጠራቀሚያውም አንዲት ክንድ የምታህል ወጥታለች። በመሃል ግን ማንም አካፋ ያልነካው መሬት አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኑርቶ እየሮጠ ደረሰ።

«ኑርቶ፣ አንተ ይህን እያየህ ፈረምክ?»

«ካልፈረምክ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ፈርም፣ ቧንቧው በኋላ ይመጣል አሉኝ፤ ፈረምኩ። አንተስ ለምን ፈረምክ?»

«እንቅልፍ ይዞኝ።»

ኑርቶ አሰበ። «እኔ ነቅቼ ነው። የኔ ይብሳል፣ ወላሂ።»

ሁለቱ ጥፋተኞች የማጠራቀሚያው ጥላ ውስጥ ቁጭ አሉ። ሣህሉ ፊርማውን ካነሳ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ካላነሳ ገንዘቡ ለክፍሉ ይገባል፣ ዋሂልም ፍየል ማሰሪያ ይቀርለታል። ነፋሱ አሸዋውን እያንሿሿ ያልፋል። ሣህሉ ዓይኑን ከደን ሲያደርግ ከመሬቱ ሥር ውሃው ሲሄድ ሰማ፤ ሲከፍት ዝም አለ።

«ስንት ቆፋሪ አለህ?» አለው በድንገት።

«ቧንቧ ካለ? አገሩ በሙሉ!»

ሰኔ ሃያ ሦስት ሣህሉ ርክክቡ ላይ ያለውን ስሙን በቀይ ሰርዞ፣ ከጎኑ «ሳላይ የፈረምኩት ነው» ብሎ ጻፈ። ይህ ደግሞ በየትም መሥሪያ ቤት ተደርጎ አያውቅም! ከዚያ ክፍሉን በጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማንም በማይተኛበት ሰዓት አስጠራው።

«ቧንቧው መጋዘንህ ውስጥ ነው፤ በቅድሚያ ክፍያው እንደገዛኸው ፋይሉ ላይ አለ። ሰዉ ይቆፍራል፤ አንተ ታገጣጥማለህ። እስከ ሰኔ ሠላሳ የፈሰሰውን እከፍላለሁ። ያልፈሰሰውን አልከፍልም።»

«ጓድ ሣህሉ፣ እኛ እኮ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን…» አለ ክፍሉ ለስለስ ብሎ።

«ስለዚህ ነው ከስድስት ሩብ ጉዳይ በፊት የጠራሁህ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ሣህሉ ራሱ በደንብ አያስታውሳቸውም። ሌሊቱ ሳይነጋ ቁፋሮው ይጀመራል፤ ሙቀቱ ሲጠነክር ሁሉም ጥላ ይገባል፤ ጀንበሯ ስታዘነብል እንደገና ይወጣል። አንዱ በሶማልኛ ይዘፍናል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይቀበለዋል፣ ሣህሉ ሁለቱንም ሳያውቅ በአማርኛ ያንጎራጉራል። ቦዩ ከኮረብታው እንደ ረጅም ጥላ ወረደ። የላይኛው ቦኖ ጋ በሰኔ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ወደ ታችኛው ሲዞር ግን አለት ገጠመው። አርባ ሜትር አለት!

ሰኔ ሠላሳ ረፋድ ላይ የላይኛው ቦኖ ተከፈተ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ፤ ጥርት ያለ! ለአፍታ የሚሰማው የሚወርደው ውሃ ብቻ ነበር፤ ሣህሉ በጀቱን ሲጽፍ የሰማውን ድምፅ እያየው ነው። ከዚያ እልልታው!

የበቀለ መልእክት ከሾፌሩ ጋር ደረሰ፤ «ሁለቱንም ፈርም። ጊዜው ዛሬ ያልቃል።»

ኑርቶ ክንዱን ያዘው። «ፈርም፣ ወንድሜ። አርባ ሜትር ናት። በሐምሌ እንጨርሳታለን፣ ወላሂ።»

የምሩን ነው፤ ሣህሉም ያውቃል። ብዕሩን አወጣ። የታችኛው ሰፈሯ ሀሊሞ ከነፍየሏ አጠገባቸው ቆማለች። የምታየው ግን ሣህሉን ሳይሆን ክፍሉን ነበር።

«አንተ» አለችው፤ «ዛሬ ከከፈሉህ ነገ ትመጣለህ?»

ክፍሉ የመኪናውን ጎማ አየ። «እንግዲህ… እንደ ሁኔታው…»

ሀሊሞ ወደ ሣህሉ ዞረች። «ሰማኸው?»

ሣህሉ ጉልበቱ ላይ ወረቀቱን አድርጎ ጻፈ፤ «አንዱ ቦኖ ይፈሳል። አንዱ አይፈስም።» ከአሥራ ስምንት ሺህ የዘጠኝ ሺው ብቻ ሒሳብ ተከፈለ። ዘጠኝ ሺህ ብር ተመላሽ ሆነ። ኑርቶ ሦስት ቀን አላናገረውም። በቀለ ደግሞ ሳያዩ በመፈረም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው፤ የደረጃ ጭማሪውም ታገደ። በለጠች «ይበልህ» አለችው፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ እጁን ያዘችው።

ነሐሴ ላይ፣ የአዲሱ በጀት ዓመት ዕቅድ ማስተካከያ በሚጻፍበት ሰሞን፣ ሀሊሞ ከዋሂል መጥታ ከዚራ ቢሮው ድረስ ገባች። ለዘበኛው «የውሃዬን ሰውዬ ጥሩልኝ» አለችው አሉ። ሣህሉ ወንበር ሳበላት።

«ቦኖዬ የት ደረሰ?»

«ይኸው» አለ፤ ረቂቁን ዘርግቶ፤ «ዋሂል፣ የታችኛው ሰፈር፣ አንድ ቦኖ። ይጸድቅ አይጸድቅ ገና አላውቅም። አዲስ አበባ ያሉት ‹የሰጠናችሁን መልሳችሁ ደግማችሁ ትጠይቃላችሁ?› ማለታቸው አይቀርም።»

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

ሣህሉ ረቂቁን እንደገና ተመለከተ። እስከዚያ ቀን ያንን ሰፈር «ግምት ስልሳ ቤተሰብ» ብሎ ነበር የሚጽፈው። ግምቱን ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም። አዲስ ገጽ አወጣ፤ እርሳሱን ቀረጸ።

«የሰዎቹን ስም ነዋ የምነግራቸው። ንገሪኝ፤ ከታች ማን ማን አለ?»

ሀሊሞ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ከድና፣ በሐሳቧ ዋሂል ገባች። በየቤቱ ደጃፍ እያለፈች ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። ውጭ የከዚራ ዛፎች ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ።

«ሑዳ፤ እሷ ስድስት ልጆች አሏት። መሪያም፤ ብቻዋን ናት፣ ግን አራት በግ አላት። ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ከዚያ ደሄቦ። መንታ ወልዳለች። ለእሷ ሁለት ጀሪካን ጨምርላት።»

ጨመረላት።