ደግማ እስክትጠይቀኝ

ኦክላንድ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው የሥዕል ሙዚየም ነበር። ረቡዕ ከሰዓት መግቢያው ነፃ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ እሄድ ነበር። በአረጋውያን መጦሪያ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሳነሣ፣ ሳጥብና ሳበላ ስለምውል፣ ፍሩትቬል ሰፈር ወዳለው የአክስቴ ቤት ከመመለሴ በፊት ማንም የማይጠራኝ ቦታ ያስፈልገኝ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ፊት ለፊቱ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። ሠዓሊው ነፋሱን ያሳየው በአንዲት ነጭ አንሶላ ጫፍ ብቻ ነው። በቀን ስንት አንሶላ እንደምቀይር እኔ አውቃለሁ፤ ያቺን ግን ቀይሪ የሚለኝ የለም። ተረከዜን ከጫማዬ አውጥቼ፣ የእግሬ ሕመም እስኪበርድልኝ እያየኋት እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ሌሎቹን ክፍሎች ሳላይ እወጣለሁ።

በሩ ላይ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ትቀመጥ ነበር። ለወራት ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ረቡዕ ግን አግዳሚው ድረስ መጣች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ የሚቀመጥልን ሰው እንፈልጋለን። አንቺ ትሠሪያለሽ?»

ልቤ ዘለለ። አገር ቤት በታሪክ ትምህርት ተመርቄአለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ከአንሶላና ከሳሙና ውጪ ለሌላ ነገር የፈለገኝ ሰው አልነበረም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ እንዳደግኩበት፣ «አይ፣ ይቅርብኝ፤ አመሰግናለሁ» አልኳት።

«ኦኬ» ብላ ፈገግ አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ደግማ እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። እስከ መዝጊያ ሰዓት ተቀመጥኩ። ስወጣም በሩ ጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። «ደህና እደሪ» አለችኝ።

አክስቴ ነገሩን ስነግራት ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመችው።

«እና ኖ አልሻት?»

«አንዴ ብቻ ነው ያልኳት።»

«አንዴ ይበቃቸዋል! እዚህ አገር በሞቴ ብሎ የሚያጎርስሽ ማን አለ?» ሳቀች። «እኔም ስመጣ እንዳንቺው ነበርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ምሳ ብዪ ስትለኝ፣ በልቻለሁ እያልኩ ሳምንት ሙሉ ጦሜን ዋልኩ። በይ፣ ነገ ኮል አድርጊላት!»

በማግስቱ ስልኩን አንስቼ መለስኩት። አልፈልግም ያልኩት ፈልጌ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ረቡዕን ጠበቅኩ።

ረቡዕ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «የቅዳሜውን ሥራ እፈልጋለሁ» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «ውይ፣ አንዲት ተማሪ ባለፈው ቅዳሜ ጀመረች። አልፈልግም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ላስረዳት አሰብኩ፤ ከዋልኩበት ሥራ የተረፈኝ ጉልበት ግን ለዚያ አይበቃም።

«ልጅቷ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ሳን ሆዜ ትመለሳለች» አለች። «ያኔ ብደውልልሽ…»

«እሺ» አልኳት፣ ሳትጨርስ።

ስልክ ቁጥሬን ጽፌላት ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባሁ። አንሶላዋ እንደተሰጣች ናት። ተረከዜን ከጫማዬ አወጣሁ። ትምህርት እስኪዘጋ ስንት ረቡዕ እንደቀረ መቁጠር ጀምሬ፣ ደከመኝና ተውኩት።